ቡና በማየት ብቻ አይፈላም፦ ለአዲስ ተመራቂዎች

ሰላም ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ደሴ ነኝ። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አይጣል ነው። ዛሬ የማወራው ለአዲስ ተመራቂዎች ነው፦ ሥራ ላይ ጠይቆ ስለ መማር። የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ተሻግራችሁ ቢሮ ልትገቡ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ! ከልቤ ነው።

በቡና ልጀምር። ወሎ አድጎ ቡና ሲፈላ ያላየ የለም። ሁላችንም አይተናል። ጎረቤት ጠርተናል፦ «እትዬ፣ እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች!» ቁርስ አዙረናል፣ ምርቃቱን አሜን ብለናል። እሺ፣ አሁን «በይ አፍዪው» ብትባዪስ? «አፍላው» ብትባልስ? ያኔ ነው ጉዱ። ቡናው ከብረት ምጣዱ መቼ ይወርዳል? ሲከስል? አይደለም፣ ወዝ ሲያወጣ ነው። ጀበናው ገንፍሎ ወረደ፣ ከዚያስ? ወዲያው ከቀዳችሁት ዝቃጩ ስኒ ውስጥ ነው። ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥ፣ እስኪሰክን መጠበቅ። እኔ ይሄን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። የገባኝ ግን እናቴ እጄን ይዛ ጀበናውን ዘንበል ያደረገችው ዕለት ነው። እጄን ይዛ! ዓመታት ማየት አንድ ጎን፣ ያቺ አንድ ቀን አንድ ጎን።

ቢሮም ይኸው ነው። አካውንቲንግ ተመርቄ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ዴቢት ክሬዲት እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። 10 ካርቶን ወረቀት መጣ፣ የንብረት መግቢያ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ እንድሞላ ተሰጠኝ። 10 ብዬ ጻፍኩ። ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲደረግ 40 ደስጣ (እሽግ ወረቀት) ልዩነት! ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግን። በመጨረሻ የግምጃ ቤቷ እትዬ ካርዱን አወረደችና አናቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ልጄ፣ መለኪያው ምን ይላል?» ደስጣ ይላል። አንድ ካርቶን 5 ደስጣ ነው፣ 10 ካርቶን 50። የዛን ቀን «በምን ነው የሚቆጠረው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችሁ ያው አንድ ነገር ነው የምትጽፉልኝ፦ «ጥያቄ ካበዛሁ አላዋቂ እባላለሁ፣ በሙከራ ጊዜ ያሰናብቱኛል።» አይደለም! አይደለም ወገኖቼ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ይደረጋል፣ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ስትጠይቁ «አዲስ ነው» ይባላል። በስድስተኛው ወር ስትጠይቁ ነው «እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» የሚመጣው። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ዝም ብለው አይደለም።

አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። ባዶ እጅ አትሂዱ። «ሞክሬ እዚህ ድረስ መጣሁ፣ ከዚህ ወዴት ነው?» በሉ። መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ። ያንኑ ነገር ሦስቴ የሚጠይቅ ሰው ያሰለቻል፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ታውቁታላችሁ። ኤክሴል ላይ ማጣሪያው ፊልተር፣ ፈልጎ አምጪው ቪሉካፕ፣ ማጠቃለያው ፒቮት። ደብዳቤ ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭ። ሞዴል 19 ንብረት ሲገባ፣ 22 ሲወጣ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ስለዚህ ሰኔ ላይ ፈቃድ አትጠይቁ!

ቃለ ጉባኤ አያያዝ በሚቀጥለው ቪዲዮ ይመጣል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባችሁ ልጆች የጠየቃችሁኝን የፈረቃ ሪፖርትም አልረሳሁም። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለተመረቀ ጓደኛችሁም ላኩለት።

ነገ ሥራ የምትጀምሩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁትን ጥያቄ ዛሬ ማታ ጽፋችሁ እደሩ። በሉ ደህና ሁኑ፣ ጀበናዬ ገነፈለ!