ውርርዱን አሸንፎ የመጣው ሰው

ራሔል፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ካርል አደባባይ ሲባል ብዙው አዲስ አበቤ ያውቃል። ሰውዬውን ግን ስንቱ ያውቀዋል?

ሄኖክ፦ ካርልሃይንዝ ቦም። ኦስትሪያዊ ተዋናይ። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን አንድ የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ውርርዱን ልብ በይ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ላለው ሳህል ችግረኞች አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም አለ።

ራሔል፦ አሸነፈ!

ሄኖክ፦ አዎ፣ ሰጪው ሲሶ አልሞላም። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ግን ገባ። ብሸነፍ አፍሪካ ሄጄ እረዳለሁ ብሎ ነበር። አሸንፎም መጣ።

ራሔል፦ ገንዘቡን ለሆነ ድርጅት አስረክቦ እቤቱ መቀመጥ ይችል ነበር እኮ። ከወራት በኋላ ሐረርጌ፣ ባቢሌ ነው የተገኘው። እዚያ መጠለያ የነበሩ ተፈናቃዮች ኤረር ሸለቆ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የእርዳታ ድርጅቱ «ሰዎች ለሰዎች» እንዲህ ተጀመረ።

ሄኖክ፦ እኔ ግን «ፈረንጅ መጥቶ አዳነን» የሚል ነገር እንዳይሆንብን እፈራለሁ። እርከኑን የሠራው ገበሬው ነው።

ራሔል፦ ልክ ነህ። እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። ድርጅቱ የሠራበትን መርሐቤቴን እንይ። አንድ ትምህርት ቤት ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ አልነበረም። ምንጭ ይጎለብታል፣ ትምህርት ቤት ይሠራል፣ ችግኝ ይፈላል፤ ዓለም ከተማ ላይ ደግሞ እናት ሆስፒታል ተሠራ። ሁሉም አንድ አካባቢ ላይ፣ ለዓመታት። ልጅቷ ግማሽ ቀኗን ውሃ ስትቀዳ ከዋለች አዲሱ ክፍል ምን ያደርግላታል? ውሃው ካልጠራ ደግሞ ክሊኒኩ ያንኑ ልጅ ከያንኑ ተቅማጥ ሲያክም ይኖራል።

ሄኖክ፦ አፈር ጥበቃውስ? ኢሉባቦር ላይ የቬቲቨር ሣርን ካስፋፉት አንዱ እነሱ ናቸው።

ራሔል፦ እሱን እወደዋለሁ! ሥሩ ሜትሮች ወደ ታች ይወርዳል። በተዳፋቱ አግድም በተርታ ሲተከል አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉን ያዘገያል። ሣሩ ቤት ይከድናል። ደግሞ ከጎረቤት ማሳ ነቅለህ ከፋፍለህ ትተክለዋለህ፤ ዘር ግዥ የለም።

ሄኖክ፦ ሣሩስ ራሱን ይችላል። ሆስፒታሉ ነው ጣጣው። ድርጅቱ ሥራውን ሲጨርስ አስረክቦ ይወጣል፤ መውጣቱን እደግፋለሁ። ግን ጄኔሬተሩ ሲበላሽ፣ ሐኪሙ ሥራ ሲለቅስ? ሕንፃ የሚለግስ ሞልቷል። ደሞዝ የሚለግስ ግን አታገኚም።

ራሔል፦ ዲያስፖራውም ያው ነው። ለትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ጣራ ሲባል ጎፈንድሚው ይሞላል። ለፓምፕ ጥገና በለው እስቲ፤ ጭጭ!

ሄኖክ፦ ለዚህ ነው እኔ ከሥራቸው ሁሉ ሐረር ያለውን የግብርናና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ የማስበልጠው። ፓምፑን የሚፈታ ልጅ የሚወጣው ከእንደዚያ ዓይነት ቦታ ነው።

ራሔል፦ እኔ ደግሞ የውሃ ኮሚቴን አስበልጣለሁ። መካኒኩም ቢኖር መለዋወጫ መግዣ ካልተጠራቀመ ምን ዋጋ አለው?

ሄኖክ፦ ኮሚቴው ገንዘቡን ካልበላው።

ራሔል፦ አይ አንተ! እንግዲያው የሚቀጥለው ሳምንት እሱ ላይ ነን። ገጠር የውሃ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልን። ሒሳቡን ማን እንደሚይዝ መንገር እንዳትረሱ።