ጫማው ገደለኝ

እንደምን አመሻችሁ። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ።

ስለ ብዝኃነትና ውክልና በዓለም አቀፍ ፊልም ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ሦስት ነጥብ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ብቆይ አትፍረዱብኝ፤ ግማሾቻችሁ እዚያ ቀረጻ ላይ ከጎኔ ቆማችሁ ነበር።

ትዝ ይላችኋል፣ ተዋንያኑ ከየአገሩ የተሰባሰቡበት ትልቅ ፊልም ነው። ፖስተሩን ያየ ሰው ዓለም ሁሉ የተጠራ ይመስለዋል። እኔ ልጁ የሞተበት አባት ነኝ። ስክሪፕቱ ላይ ስሜ «አዛውንት» ነው። የምናገረው መጻፍ በነበረበት ቦታ «በቋንቋው ያለቅሳል» ይላል፤ አለቀ። ረዳት አዘጋጁን ጠጋ ብዬ «ምን ልበል?» አልኩት። «የፈለግከውን በል፣ ሰብታይትል አይገባለትም» አለኝ።

እኔ ሞኙ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩበትን ሙሾ አወረድኩ። አሳጥረው አሉኝ፣ አሳጠርኩ። ፍጠን አሉኝ፣ ፈጠንኩ። ስምንተኛው ድጋሚ ላይ ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል፣ ያለበሱኝ ጫማ ደግሞ በአንድ ቁጥር ያንሰኛል፣ ሬሳው ላይ ተደፍቼ «ኧረ ጫማው ገደለኝ! ኧረ መቼ ነው የምትለቁን!» እያልኩ ጮህኩ። አዘጋጁ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እውነተኛ ሐዘን ማለት ይሄ ነው አለ። ፊልሙ ውስጥ የገባውም እሱ ነው።

ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁት። ከፊቴ ያሉት እንባቸውን ይጠርጋሉ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን አፍነው ሊሞቱ ነው፤ ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፣ የእኛው ሰዎች ናቸው። ከስክሪኑ ግርጌ «በባዕድ ቋንቋ ይናገራል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ለማን ነው ባዕድ? በማግስቱ እህቴ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ ጫማው አሁንስ ተሻለህ?»

ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን እኮ ልጄ ሞቶብኝ ነበር።

ይሄ በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ጆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1964 «ሻያን ኦተም»ን ሲያወጣ ፊልሙ ሻያን ስለተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መከራ ነበር። ትልልቆቹን የሻያን ሚናዎች ከያዙት መካከል ሜክሲኮ የተወለዱት ሪካርዶ ሞንታልባንና ዶሎረስ ዴል ሪዮ ይገኛሉ። አጃቢ ሆነው የቆሙት ናቫሆዎች፣ ሌላ ነባር ሕዝብ፣ ናቸው፣ የሚናገሩትም ናቫሆኛ። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች፣ ቁም ነገር በሚወራበት ትዕይንት ላይ ቀልድና ብልግና እየሰሙ ሲስቁ ኖረዋል ይባላል። የኔ ጫማ የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ቆጠራ መጥቷል። የኦስካር አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ ሽልማት ጀምሮ ለምርጥ ፊልም የሚወዳደር ሁሉ ከ4 የውክልና መስፈርቶች 2ቱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። አንዱን ለማሟላት ካሉት መንገዶች መካከል፣ በትንንሽ ሚናዎች ከሚሠሩት ቢያንስ 30 በመቶው ዕድል ተነፍጓቸው ከቆዩ ወገኖች መሆናቸው ይገኝበታል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ልንገራችሁ፣ እኔ በዚያ ቆጠራ ሙሉ ሰው ሆኜ እገባለሁ! ጫማዬን እየረገምኩ፣ ስም ሳይኖረኝ፣ ልጄን ሳላለቅስ፣ ተቆጠርኩ! ፊታችንን ፈልገው አፋችንን የማይፈልጉ ከሆነ ለምን ፎቶ ሰቅለው አይቀርጹም?

ሲፈለግ እኮ ይቻላል። ደቡብ አፍሪካዊው ተዋናይ ጆን ካኒ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የካፒቴን አሜሪካ ፊልም ላይ ንጉሥ ሆኖ ሲሠራ የራሱን ቋንቋ፣ ኮሳን፣ ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ብላክ ፓንተር» ሲወጣ ኮሳ የአንድ ልብ ወለድ አገር ቋንቋ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ባመጣው ሐሳብ።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ሜካፕና ፀጉር ነበር። የእኛን ቆዳና ፀጉር የሚያውቅ ባለሙያ ሳይቀጥሩ እኛን መቅጠር ምን ይሉታል? ሴቶቹ ከኔ በላይ ስለሚያውቁት ለነሱ ልተወው። ሦስተኛው ክፍያ ነው፤ እሱን ከጀመርኩ አንተኛም።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌላ ስክሪፕት ተላከልኝ። ሚናው «የመንደሩ ሽማግሌ» ይላል። ስሙ ማነው ብዬ ጻፍኩላቸው። ከአራት ቀን በኋላ «አንተ አውጣለት» አሉኝ። ስሙን «በላቸው» አልኩት። የሚናገረውን በአማርኛ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ትርጉሙን አስገባሁ፣ መጨረሻ ላይ የጫማ ቁጥሬን ጨምሬ ላክሁ። አርባ ሦስት ነው። እስካሁን መልስ የለም።