ከሲኤንኤ እስከ አርኤን፦ ኢትዮጵያ የተማረ ነርስ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። በዛሬው ዝግጅት የምንነጋገረው ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቀውና በሙያው ሠርተው፣ በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አሜሪካ ስለገቡ፣ በተለይም በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። እንደተለመደው የዝግጅቱ ተባባሪ አዘጋጅ ሲስተር ሄለን አብረውኝ አሉ። ሲስተር፣ በቀጥታ ልጠይቅዎ፤ አዲስ የመጣ ነርስ ሁሉ ገና ዕቃውን ሳያራግፍ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳትነት፣ እንዲማር ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው?

ሲስተር ሄለን፦ ሲኤንኤ መማሩን ከቶ አልነቅፍም፤ የቤት ኪራይ ቀኑን ጠብቆ ይመጣልና ሰው ገቢ ያስፈልገዋል። የምነቅፈው፣ ሥራው እንደተገኘ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ «ትንሽ ልደላደልና እጀምረዋለሁ» ማለትን ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ባወጣው የ2024 መረጃ መሠረት የነርስ ረዳት መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ 39,500 ዶላር ሲሆን፣ የአርኤን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ፣ ደግሞ 93,600 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ገቢ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ለአገር ቤትም ልኮ መኖር ስለሚከብድ ሰው ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ደብል፣ ማለትም ሁለት ሺፍት አከታትሎ፣ ይገባል፤ በዚህም ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ከሙያው የተራቀበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ደግሞ የአርኤን ፈቃድ ፈተናው ይከብዳል፣ ቀጣሪውም ይጠራጠራል። የአገር ቤቱ ዲግሪ ለአርኤን ፈቃድ መብቃቱ የሚታይበት የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ከሲኤንኤ ሥልጠናው ጎን ለጎን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጀመር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ዮናስ፦ ጎን ለጎን ይሁን ቢባልም ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። አዲስ የመጣ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ሲስተር ሄለን፦ በሲኤንኤው በኩል ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። የፌዴራሉ ሕግ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ በሚባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ክፍያ ለሚሠሩ ነርሲንግ ሆሞች፣ ማለትም የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያዎች፣ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል፤ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በነርሲንግ ሆም ለመሥራት ጂኤንኤ የሚባለው ተጨማሪ ምዝገባ ያስፈልጋል። ይኸው ሕግ ነርሲንግ ሆሙ ለቀጠረው ወይም እቀጥርሃለሁ ላለው ሰው የሥልጠናውንና የፈተናውን ወጪ ሠልጣኙን ማስከፈልን ይከለክላል። በራሱ ገንዘብ የተማረ ሰው እንኳ ሥልጠናውን በጨረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠረ፣ በሥራው ላይ በቆየ መጠን ወጪው ሊመለስለት ይገባል። ስለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ከመመዝገብ በፊት በአካባቢው ያሉትን ነርሲንግ ሆሞች እየዞሩ «እናንተ ታሠለጥናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ ተከፍሎም ከሆነ ደረሰኙን መያዝ ነው።

ዮናስ፦ ይህን ግን የማሠልጠኛ ማስታወቂያ ላይ ማንም አይጽፈውም። ወደ ዲግሪው እንመለስ፤ ግምገማው ራሱ እንዴት ነው የሚሄደው?

ሲስተር ሄለን፦ ፈቃድ የሚሰጡት ብዙ የስቴት የነርሶች ቦርዶች የሚቀበሉት በተለምዶ ሲጂኤፍኤንኤስ የምንለው፣ ከ2025 ጀምሮ ስሙን ትሩሜሪት ያደረገው ድርጅት የሚያዘጋጀውን ሪፖርት ነው። ድርጅቱ በእጃችን የያዝነውን ወረቀት አይቀበልም። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ፣ የሙያ ፈቃዱ ማረጋገጫም በቀጥታ ከሰጪው መሥሪያ ቤት መምጣት አለበት። የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ፣ ቴምፖ ብቻ ይዞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሬጅስትራሩ ደግሞ ያለ ክሊራንስ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት አይልክም። ያን ጊዜ ወንድም ወይም እህት ውክልና ይዘው ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ሊጀምሩ ነው። ገና አገር ቤት ላለ አድማጭ የምለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዕዳውን ከመሄድህ በፊት ጨርስ፣ ውክልናውንም ሰጥተህ ውጣ የሚል ነው።

ዮናስ፦ የስም ነገርስ?

ሲስተር ሄለን፦ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የራስና የአባት ስም ብቻ ይኖራል፤ ዲግሪው «ፀጋዬ»ን በ«ቲኤስ» ሲጽፈው የሙያ ፈቃዱ በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለገምጋሚው ግን ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ሲሞላ ሁሉም ዓይነት አጻጻፍ «በሌላ ስም» በሚለው ቦታ ላይ መመዝገብ አለበት፤ የስም ለውጥ ካለም የፍርድ ቤት ወይም የጋብቻ ወረቀቱ በተረጋገጠ ትርጉም ይያያዝ። ከአሜሪካ የሚላከው ቅጽ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ክፍት የሆነ ቦታ እንዳይኖርበት፣ ማኅተሙም እንዳይደበዝዝ አንድ ሰው በአካል ቆሞ ቢያስፈጽመው ይመረጣል። በተለይ የተግባር ልምምዱ ሰዓት ያልተሞላ እንደሆነ ፋይሉ እንዲሁ ይንጠለጠላል፤ ቦርዱ የሚመረምረው በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና የተሰጠውን ትምህርትና ልምምድ ነውና።

ዮናስ፦ እኔ ግን በዚህ ላይ ከእርስዎ ትንሽ እለያለሁ። ይህን ሁሉ ወረቀት ከማሳደድ ይልቅ ከአርኤን አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለውን የነርስነት ትምህርት፣ ኤልፒኤንን፣ ተምረው፣ በአንድ ዓመት አካባቢ ጨርሰው፣ እየሠሩ ብሪጅ በሚባለው የማሸጋገሪያ ትምህርት ወደ አርኤን የተሻገሩ ሰዎች አውቃለሁ። ከ62 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው የኤልፒኤን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ እኮ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ቋንቋውንና የሆስፒታሉን አሠራር ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለለመዱት ሥራ ሲገቡ አልደነገጡም።

ሲስተር ሄለን፦ ለአንዳንዱ ሰው ልክ ነህ። የተማረበት የግል ኮሌጅ የተዘጋበት፣ መዝገቡ የጠፋበት፣ በደረጃ ሥልጠና ብቻ የተመረቀ ወይም ከሙያው ከወጣ ረጅም ዘመን የሆነው ሰው ኤልፒኤንን ወይም እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና እንደ ሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ባሉ የማኅበረሰብ ኮሌጆች የሚሰጠውን የአርኤን ትምህርት ቢመርጥ አልከራከረውም። ነገር ግን የአራት ዓመት የቢኤስሲ ዲግሪ ያለው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌት ተቀን የሠራ ሰው፣ ቦርዱን ሳይጠይቅ ራሱን ወደ ዜሮ መመለሱ ያናድደኛል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ጎረቤቱ እንዲህ ስላደረገ ነው። መጀመሪያ ይገምገም፤ ቦርዱ አይሆንም ካለ መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፤ የጎደለው አንድ ኮርስ ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ያንን ኮርስ ወስዶ ወደ ፈተናው መሄድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ዮናስ፦ እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ምን ይመልከት?

ሲስተር ሄለን፦ ትምህርት ቤቱ በስቴቱ ቦርድ የተፈቀደ መሆኑን፣ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ በሚባሉት ዕውቅና ሰጪዎች መዝገብ ላይ መኖሩን፣ ከዚያም ተማሪዎቹ ኤንክሌክስ በሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ያላቸውን የማለፍ ምጣኔ ይመልከት፤ ምጣኔውን ቦርዶቹ ራሳቸው በድረ ገጻቸው ያወጡታል። «ክፍል ሳትገቡ ትመረቃላችሁ» ከሚል ደላላ መሸሽ ነው። በጥር 2023 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርስ ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ተገልጿል። ከዚያ በኋላ ስቴቶቹ ፈቃድ መሰረዝ ጀመሩ፤ ገንዘቡም ፈተናውን ያለፉበት ድካምም አብሮ ቀረ።

ዮናስ፦ ወደ ኤንክሌክስ እንለፍ። አገር ቤት ጥሩ ውጤት የነበረው ሰው ለምን ይወድቃል?

ሲስተር ሄለን፦ ዕውቀት አንሶት የሚወድቀው ጥቂቱ ነው። ፈተናው የሚለካው ማንን አስቀድመህ እንደምታይ፣ ምን በራስህ እንደምትወስን፣ ምን ለረዳት እንደምትሰጥ ነው፤ እኛ ደግሞ የሐኪሙን ትእዛዝ መጠበቅ ለምደን አድገናል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አራት ሕመምተኞች አሉህ፤ አንዱ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበትና ኦክስጅኑ 90 በመቶ የሆነ፣ ሁለተኛው እግሩ ተሰብሮ ሕመሙ ከ10 ስምንት ነው የሚል፣ ሦስተኛው የስኳር መጠኑ 210 የደረሰ፣ አራተኛዋ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን ስትተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ማሰማት የጀመረች ናት። ማንን ታያለህ?

ዮናስ፦ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን እግሩ የተሰበረው ያሳዝነኛል።

ሲስተር ሄለን፦ ብዙ ሰው ወደ እሱ ወይም ኦክስጅኑ 90 ወደሆነው ይሄዳል። ለቆየ የሳንባ ሕመምተኛ 90 የሚጠበቅ ቁጥር ነው። የእንቅርቷ ታካሚ ግን የአየር መተላለፊያዋ እየጠበበ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ቁጥሩና ጩኸቱ ሳያታልልህ ይህን መለየት ነው ፈተናው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ አንድን ሕመምተኛ ከማስታወሻው፣ ከላቦራቶሪ ውጤቱና ከመድኃኒት ዝርዝሩ ጋር አቅርበው ተከታታይ ጥያቄ የሚጠይቁበት አዲስ ቅርጽ መጥቷል። ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ይደርሳል፤ ኮምፒዩተሩ እንደ መልስህ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ ስለዚህ በ85 ቢዘጋ ማለፍህንም መውደቅህንም አያሳይም። የወደቀ ሰው ቢያንስ 45 ቀን ጠብቆ ይደግማል።

ዮናስ፦ እስከዚያው ድረስ የት መሥራት ይሻላል?

ሲስተር ሄለን፦ የሚቻል ከሆነ ሆስፒታል ውስጥ፣ በአንድ ሥራ ብቻ። በሰዓት የሚከፈለው ከቤት ለቤት እንክብካቤ ጥቂት ቢበልጥም ቢቀንስም ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን በዓይኗ ታይሃለች፤ የሕሙማን መዝገብ የሚያዝበትን ሶፍትዌርም ትለምደዋለህ። ብዙ ሆስፒታሎች የትምህርት ክፍያ ይደጉማሉ፤ በፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ ሊከፍልልህ ይችላል። ድጎማው ከስንት ወር አገልግሎት በኋላ እንደሚጀምር ቃለ መጠይቁ ላይ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዮናስ፦ ቃለ መጠይቁን ካነሱ አይቀር፣ ሲቪ ላይ የሚያዩት ስሕተት ካለ ይንገሩን።

ሲስተር ሄለን፦ ፎቶ፣ የትውልድ ዘመንና የጋብቻ ሁኔታ ይውጡ። «ታታሪና ታማኝ» የሚለውም ይውጣና በምትኩ የሥራው ስፋት ይግባ፤ የስንት አልጋ ዋርድ ነበር፣ በአንድ ሺፍት ስንት ሕመምተኛ ትይዝ ነበር፣ ድንገተኛ ክፍል ነው ወይስ ማዋለጃ። አገር ቤት አንድ ነርስ የሚይዘው የሕመምተኛ ብዛት እዚህ ላለ ቀጣሪ የማይታመን ነው፤ እኛ ግን ተራ ነገር ስለመሰለን አንጽፈውም። «አንድ ችግር ገጥሞህ እንዴት እንደፈታኸው ንገረኝ» ሲባል ደግሞ ሰዎቻችን በትሕትና ሥራውን ሁሉ ለቡድኑ ይሰጡታል፤ ጠያቂዋ የምትጽፈው አንተ በእጅህ ያደረግኸውን ነው።

ዮናስ፦ ፈተናውን አልፎ የመጀመሪያውን የአርኤን ሥራ ላገኘ ሰውስ?

ሲስተር ሄለን፦ የአገር ቤት ልምድ ቢኖረውም የአዲስ ተመራቂዎች ሬዚደንሲ ፕሮግራም ይቀበለው እንደሆነ ይጠይቅ፤ በተቆጣጣሪ ሥር የሚያልፉት ወራት ዋጋ አላቸው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባላት ስለሆኑ፣ መኖሪያው ከሁለቱ በአንዱ የሆነና መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው የብዙ ስቴት ፈቃድ አውጥቶ ሁለቱን የሚለየውን ወንዝ በመሻገሩ ብቻ ሁለተኛ ፈቃድ አያስፈልገውም። የቅጥር ጉርሻ ከተሰጠው ግን ከመፈረሙ በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቢለቅ ምን ያህል እንደሚመልስ፣ የሚመልሰውም ግብር የተቆረጠለትን ነው ወይስ ያልተቆረጠለትን፣ ሆስፒታሉ ራሱ ክፍሉን ቢዘጋስ ዕዳው ይቀራል ወይ የሚለውን በጽሑፍ ያስመልስ።