«አሉ» የምትባል ቃል

ሰላም ወዳጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ነው ያለሁት። የጦሳን ተራራ ጉም ውጦታል፣ ብርዱንም ታውቁታላችሁ። ድምፄ ቢሻክር ጉንፋን ነው፤ ኋላ «አልቅሳ ነው አሉ» እንዳትሉብኝ።

ይቺን «አሉ» ያዙልኝ።

የማወራው ስለ ስም ማጥፋት ነው። ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? መብራት ይጠፋል። ልጅ ይጠፋል። ስምም ይጠፋል። ደግሞ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ምን እንዳጠፋ ግን አይናገርም። እኔ ያጠፋሁት የሰው ስም ነው።

ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ጎረቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ይዞራል። እኛ ዘንድ ቡና ያለ ዱዓ አይጀመርም። ትልቋ እናት እጃቸውን ዘርግተው «ከክፉ ነገር፣ ከሰው አፍ ይጠብቀን» ብለው መረቁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አልን። አቦል በሰላም አለፈ። ቶና ላይ ሰው መብላት ጀመርን።

ተረኛዋ የዕቁብ ሰብሳቢያችን ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ያን ቀን የጠራሁት ይበቃል። ያልኩት ይህችን ብቻ ነው፦ «ያለፈውን ዕጣ ብር ለባለ ዕጣዋ እስካሁን አልሰጠችም አሉ።»

እውነት ነው፣ አልሰጠችም። ባለ ዕጣዋ ወልድያ ለቅሶ ስትሄድ «እስክመለስ አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ» ብላት ነው። እኔ ይሄን አላወቅኩም። አልጠየቅኩማ! ቡና ላይ ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

በሳምንቱ «አልሰጠችም» የነበረው «በላች» ሆነ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሚኒባስ እያቃሰተ ይወጣዋል፤ ወሬ ግን ቁልቁል ነው የሚወርደው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደወለች። «እናንተ ሰፈር ያለችው ዕቁብ ሰብሳቢ ብሩን ይዛ ጠፋች አሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» የገዛ ቃሌ ልብስ ቀይሮ ቤቴ ተመለሰ። ሴትዮዋ ደግሞ የትም አልሄደችም፤ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ በርበሬ ትመዝናለች። የሚገዛት ሰው ብቻ ነው የቀነሰው።

መጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። «ውሸት አልተናገርኩም» አልኩ። ግን አያቴ በልጅነታችን የነገረችን ነገር ትዝ አለኝ። ነቢዩ ስለ ሐሜት ሲያስረዱ፣ ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳት ነው አሉ። ያልኩት እውነት ቢሆንስ ተብለው ቢጠየቁ፣ እውነት ከሆነ አምተኸዋል፣ ካልሆነ ቀጥፈህበታል አሉ። የመጀመሪያው ጊባ ነው፤ ሁለተኛው ቡህታን። እውነት መሆኑ ከሐሜትነት አያወጣውም።

ሕጉንም አገላበጥኩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 613 ላይ፣ ስም ማጥፋትንና የሐሰት ሐሜትን ለይቶ ያስቀምጣል። የሰውን ክብር ለመጉዳት አስቦ የተናገረ፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም ሊጠየቅ ይችላል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከአያቴ ጊባና ቡህታን ብዙ አይርቅም። እንግሊዞች የሚከፍሉት በሌላ በኩል ነው፤ በአፍ ሲሆን ስላንደር፣ በጽሑፍ ሲሆን ላይብል። እውነቱን ለመናገር የእኛ አከፋፈል ይሻለኛል። የተጎዳው ሰው በአፍ ነው በወረቀት ብሎ የሚጨነቅ አይመስለኝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። እሱ ዘንድ «ለመጉዳት አላሰብኩም» ማለት አያድንም፤ እውነት መናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያድናል። ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው የካሣ ጣሪያ ደግሞ 1 ሺህ ብር ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በዚህ ብር ጎረቤት ቡና መጥራትም ያስቸግራል።

እንግዲህ ሕጉ ዘንድ ሳልተርፍ አልቀርም። አያቴ ዘንድ ግን አልተርፍም።

በተለይ በ«አሉ»። ወሬውን የሰማሁት ከአንዲት ሴት ነው። «እከሊት ነገረችኝ» ብል ኖሮ አንዱ ተነስቶ እሷን ይጠይቅ ነበር። «አሉ» ስል ግን ማን ይጠየቃል? ብዙ ናቸው፣ ማንም አይደሉም። አንዲትን ሴት ሰፈር አደረግኋት።

ሄድኩ፣ ሱቋ። «አፉ በይኝ» አልኳት። ልጅ ሆኜ ይቺ ቃል ከአፍ የመጣች ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ነው ዓረብኛ መሆኗን የሰማሁት። ያን ቀን ግን ከአፍ ብትመጣም ያምርባት ነበር።

ሚዛኗን አስቀመጠች። ብዙ ዝም አለች። «አፉ ብዬሻለሁ» አለችኝ። «የኮምቦልቻዎቹንስ ማን ይነግርልኛል?»

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። እህቴ ወሬውን የሰማችባቸውን ሁለት ቤቶች አሳየችኝ። ሁለቱም ቤት እውነቱን ተናገርኩ። «እኛማ መቼ አምነን» አሉኝ። ሦስተኛው ቤት የእህቴ ወዳጅ ናት፤ ስናልፍ አይታን ካልገባችሁ ብላ ያዘችን። ለማንኛውም ብዬ እዚያም ጀመርኩ፦ «ስለዚያች ዕቁብ ሰብሳቢ የተወራው ውሸት ነው።»

ሴትዮዋ ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች። ቀረብ አለችኝ።

«እኔ አልሰማሁም። ምን አሉ?»

አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር።