ለፈረቃ ባልደረቦቼ፦ የ2018ን ዕቅዳችንን ማን ይጠይቀን?

የተከበራችሁ የፈረቃችን ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ዘንድሮ መውሊድና እንቁጣጣሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገጥመውልን፣ ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ደገሰች፤ ተጠራርተን አሳለፍን። ለከርሞም ያድርሰን።

ጳጉሜን ላይ «ለአዲሱ ዓመት ምን አሰባችሁ?» ብዬ ወረቀት አዙሬ ነበር። ስም አልጻፋችሁም፤ እንዳነበውም ፈቅዳችሁልኛል።

አንዱ «የማታ ትምህርቴን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» ይላል። ሌላው «ከቅዳሜ ውጭ ጫት አልቅምም»። «ማስኬን አላወልቅም» ያለም አለ። ይሄኛውን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ። ከእረፍት በተመለስን በመጀመሪያው ቀን ደረታችንን ጭንቅ የሚያደርገን የጥጥ ብናኝ ነው። ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ክር ክፍል የቆያችሁ ታውቁታላችሁ።

አንዷን ወረቀት ግን ደጋግሜ አነበብኳት። ከልጅ ደብተር የተቀደደች ናት፣ አራት ቦታ ታጥፋለች፣ በእርሳስ «ልጄን ነቅታ ማየት» ተብሎ ተጽፎባታል። ሦስት ቃል ነው። ከደሴ የምትመላለሱ ወዲያው ይገባችኋል። ከከሰዓት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ የሐረጎን ዳገት በጨለማ ወጥታችሁ ቤት ስትደርሱ ልጅ ተኝታለች። ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ደግሞ እናት በድካም አልነቃችም። እህታችን ይህን ብቻዋን ልታሳካው አትችልም። በሳምንት ሁለት ቀን ፈረቃ የሚቀይራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያ ሰው ያለው ደግሞ እዚሁ መካከላችን ነው።

እስቲ እቁባችንን አስቡት። ደመወዝ በዘገየ ወር እንኳ ተበድረን ጥለናል። ዕጣ የወጣለት ይጠብቀናላ፣ ዳኛውም ደጃችን ድረስ ይመጣል! ለራሳችን የገባነውን ቃል ግን ማንም ስለማይጠይቀን፣ የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ ረስተነዋል።

እኔ ራሴ አምና «በየወሩ ሐይቅ ሄጄ እናቴን አያለሁ» ብዬ ነበር። ሐይቅ ሩቅ ሆና አይደለም፤ ከደሴ መኪና ከያዙ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በዓመቱ የሄድኩት ሁለቴ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችኝ፤ ዓይኗ መድከሙን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዕቅዴን ለአንድ ሰው ነግሬው ቢሆን ኖሮ ቶሎ እደርስላት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ሁላችሁም አንድ ሰው ምረጡና ወረቀታችሁን ስጡት። ጫት የሚቀንሰው ወንድማችን አብሮት የሚቅመውን ባይመርጥ ደስ ይለኛል። የከሰዓት ፈረቃ መቀየር የምትችሉ ደግሞ ስማችሁን እኔ ጋ አስመዝግቡ፤ ለአለቃችን በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

እትዬ፣ የእኔን እርስዎ ይያዙልኝ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር «ሐይቅ ሄድክ?» ብለው ይጠይቁኝ። ካልሄድኩ ሰው ፊት ይቆጡኝ።