ግቢያችሁ ውስጥ ኤሊ ካለች መጀመሪያ ፀሐይዋን አስቡ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጠዋት። ከማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት ኤሊ ቀስ እያለች ትወጣለች።]

ኤሊ ያለችበት ግቢ የገባ እንግዳ ሁሉ «ምንድን ነው የምትበላው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ያለበት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ነው የምትሞቀው?» ነው።

እኛም፣ ውሻም፣ ድመትም የሰውነታችንን ሙቀት የምናገኘው ከምንበላው ነው። ኤሊ፣ እንሽላሊት፣ እስስት፣ እባብ፣ በጠቅላላው ተሳቢ እንስሳት፣ እንደዚያ አይደሉም። ሙቀታቸውን ከውጭ ነው የሚያገኙት፤ ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከአፈር። ስለዚህ ትንሽ ምግብ ይበቃቸዋል። በሌላ በኩል ካልሞቁ ሰውነታቸው አይሠራም። መራመድ ብቻ ሳይሆን የበሉትን መፍጨትም ያቅታቸዋል። እባብማ በልቶ ከበረደው የዋጠውን መልሶ ይተፋዋል።

በታኅሣሥ ጠዋት፣ የሐይቁ አየር ገና ሳይሞቅ፣ ኤሊያችሁ የቀረበላትን ቅጠል ዞር ብላ ባታየው አትደንግጡ። አልታመመች ይሆናል፤ በርዷት ነው። 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል እንደገና ስጧት።

[ምስል፦ መስኮት ሥር የተቀመጠ ካርቶን፤ ውስጡ ትንሽ ኤሊ።]

አውሮፓ ውስጥ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው ለአምፖል ብዙ ያወጣል። አንዱ ለማሞቂያ ነው። ሌላው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር ለማግኘት ነው። ይሄኛው አምፖል መብራቱ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚዳከም በየጊዜው ይቀየራል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብለን ይህንኑ ከፀሐይ በነፃ እናገኛለን። ጨረሩ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ዲ3 ከሌለ የበላችው ካልሲየም በቅጡ ወደ ደሟ አይገባም። ያኔ ሰውነቷ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ መውሰድ ይጀምራል። ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ቅርጹ ይበላሻል፣ እግሮቿ ይወላገዳሉ። አንዴ ከተወላገዱ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ታዲያ ብዙ ሰው መስኮት አጠገብ ያስቀምጣታል። ፀሐይ እየገባላት ይመስላል። ነገር ግን ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ያንን ጨረር ያስቀረዋል። ሳሎን ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ፀሐይ ስትሞቅ የዋለች ኤሊ፣ ለአጥንቷ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደዋለች ቁጠሩት። ውጭ ትውጣ።

ስትወጣ ጥላም ያስፈልጋታል። ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሰች ሙቀቷን ራሷ ታስተካክላለች። የእናንተ ሥራ ሁለቱንም ማዘጋጀት ነው። ደረጃና ያልተስተካከለ ድንጋይ ያለበትን ቦታ አጥሩ። ተገልብጣ ፀሐይ ላይ ከቀረች ልትሞት ትችላለች።

[ምስል፦ የክረምት ዝናብ፤ ጭቃ የሆነ ግቢ።]

የባሕር ዳር ፈተና ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ በስንት ልመና ነው የምትወጣው። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑባት ሳንባዋ ይታመማል። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ካያችሁ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ሐኪም ጋ ለመውሰድ ነገ ዛሬ አትበሉ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ የእንጨት ቤትና ደረቅ ገለባ ያስፈልጋታል። በቀዝቃዛ ሌሊት አምፖል ከላይ ይንጠልጠልላት፤ እንዳያቃጥላት ግን በሽቦ ይከለል። መብራት ሲሄድስ? (ይሄዳል፤ ይሄንን ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።) ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሙሉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። የፈላ አይሁን። ከሰል አቀጣጥላችሁ እንዳታስገቡ፤ የከሰል ጋዝ እሷንም እናንተንም ይገድላል።

አሁን ወደ እንግዳው ጥያቄ እንመለስ። አገራችን ውስጥ ያለችው፣ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዥጉርጉር የሆነችው የየብስ ኤሊ፣ ሣር በሊታ ናት። ሣር፣ ድርቆሽ፣ የበለስ ቅጠል፣ ልዩ ልዩ አረም ይስማማታል። እሾሁን አንሱላት እንጂ በለስ በጣም ትወዳለች። ፍራፍሬ አልፎ አልፎ ብቻ። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁና አድርቃችሁ ፍጩና ምግቧ ላይ ነስንሱላት፤ ካልሲየም ነው። «የኛዋ እኮ እንጀራ ትወዳለች» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ትወድ ይሆናል፤ አንጀቷ የተሠራው ግን ለሣር ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋ ይቅርባት። ሣሩን ከጫት ማሳ ዳር አትጨዱ፤ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል።

ጣና ዳር ስለምንኖር ኤሊ ሁሉ ዋናተኛ ይመስለናል። የየብስ ኤሊ ግን ዋናተኛ አይደለችም። እግሯ እንደ ምሰሶ ድብልብል ነው፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባች ልትሰጥም ትችላለች። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ የምትቆምበት ዝርግ ሳህን ውሃ ይበቃታል።

[ምስል፦ የሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ የተዘረጋ አርጃኖ።]

አርጃኖን ለማሳደግ የሚመኝ ካለ በአጭሩ፣ ተዉት። እስከ 2 ሜትር ያድጋል፣ ይነክሳል፣ በጅራቱ ይገርፋል፣ ጫጩትና እንቁላል አይምርም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኬፕ ኮራል በሚባል ከተማ፣ ሰዎች ለቤት ብለው የወሰዱት ይኸው የዓባይ አርጃኖ አምልጦ ወይም ተለቅቆ ተራብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ እዚያ ይታያል፤ እስከ ዛሬም እያጠመዱት ነው። ዘንዶን ጨርሶ አናነሳውም።

እስስት ሌላ ነገር ናት። መርዝ የላትም፤ የሚወራባት ሁሉ ወሬ ነው። ግን መነካት አትወድም። የብዙዎቹ እስስቶች ችግር ሳህን ላይ ያለ ውሃ አለመጠጣታቸው ነው፤ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው የሚልሱት። እጃችሁ ላይ ስትጠቁር አድናቆት እንዳይመስላችሁ፤ ተጨንቃ ነው። አጥሩ ላይ ተዋትና እዩዋት።

ሕጉንም እናንሳ። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ኤሊም የዱር እንስሳ ናት። ከጫካ አንስቶ በከረጢት ማምጣት፣ ከመንገድ ዳር ልጆች መግዛት አይቻልም። ይህ ሁሉ ምክር የሚጠቅመው ከድሮ ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ላለችና ፈቃድ ላላቸው ነው። ፈቃድ የሌላችሁ የዱር እንስሳት ጥበቃን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ዕድሜዋንም አስቡበት። ይህች ኤሊ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ ያለው ጆናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ፣ ዝርያው ሌላ ቢሆንም፣ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ያኔ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት ካሳ ኃይሉ ከጣና ወዲያ ማዶ ገና ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ቤትና መሬት ሲወረስ ኤሊዋንም ማን እንደሚረከባት ተነጋገሩ። ቀልድ አይደለም።

ትወደናለች ወይ? እንደ ውሻ ጅራት አትቆላም። ግን የሚያበላትን ሰው ትለያለች። ኮቴውን ሰምታ ወደ በሩ የምትመጣ ኤሊ ብዙ ናት። ለእኔ ይሄ ይበቃል። ማንሳትና ማቀፍ ግን የኛ ደስታ እንጂ የእሷ አይደለም።

ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ተሳቢ እንስሳት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች እየታመሙ ስላስቸገሩ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ጥንቃቄው ይብስ። ሳህኗንም ወጥ ቤት ውስጥ አትጠቡ።

[ምስል፦ የእንስሳት መድኃኒት ብልቃጥና መርፌ።]

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ሐኪም ጋ ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁን ነው። የአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪም ቀኑን የሚውለው ከከብት፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ነው። ለጥገኛ ትል እጁ ቶሎ የሚሄደው አይቨርሜክቲን ላይ ነው። ለከብት ጥሩ መድኃኒት ነው። ኤሊን ግን ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። መርፌው ሳይቀዳ በፊት «ይሄ አይቨርሜክቲን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሆነ ሌላ መድኃኒት ይፈለግላት፤ መጠኑም ተመዝና ይወሰን።