መብራት ከጎረቤት አገር እንዴት ይገዛል?

[ምስል፦ ምሽት፣ ጎንደር። የጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ]

ሐሙስ ማታ ነው። እናቴ እንጀራ ትጋግራለች። ስድስተኛው እንጀራ ዐይን ማውጣት እንደጀመረ መብራት ሄደ። ምጣዱ ላይ ያለው አልበሰለም፣ ሊጡም ገና ግማሽ አልደረሰም። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ሻማ ልትበደር መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ሽቦው በላያችን አልፎ ሱዳን ይገባል፣ እኛ ሻማ እንበዳደራለን» አለች።

ይህን ቅሬታ ጎንደር ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። እኔም ብዬዋለሁ። ያን ምሽት ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ኤሌክትሪክ በጆንያ አይጫን፣ በጀሪካን አይቀዳ። ታዲያ አንድ አገር ከሌላ አገር መብራት የሚገዛው እንዴት ነው? ውሉን ማን ይዋዋላል? ማን ይለካዋል? ዛሬ ይህን እናያለን። ስናይም ከገዢው ወገን ሆነን ነው፣ ነገሩ የሚገባው ከዚያ ነውና።

[ምስል፦ ከአዘዞ ወደ ጭልጋ የሚወስደው መንገድ፣ ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች]

መጀመሪያ ሽቦውን እንወቀው። መስመሩ ከባሕር ዳር ተነስቶ ጎንደር ይመጣል። ከዚያ በገንዳ ውኃ በኩል መተማ ይወርዳል፣ ድንበር ይሻገርና ገዳሪፍ ይገባል። 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከም መንታ መስመር ነው። የተሠራው በዓለም ባንክ ብድር ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሱዳን በመነሻው የተዋዋለችው 100 ሜጋዋት ለመግዛት ነበር።

100 ሜጋዋት ስንት ነው? በእናቴ ምጣድ እንለካው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። 100 ሜጋዋት ማለት ከ28,000 በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ማጋል ነው።

ይህን ያህል ኃይል ለምን በ230 ኪሎ ቮልት ይላካል? በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ቮልት ነው። 100 ሜጋዋት በ15 ኪሎ ቮልት ለመላክ ወደ 3,850 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ያስፈልጋል። በ230 ኪሎ ቮልት ሲሆን 251 አምፔር ብቻ ይበቃል። ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል የሚያድገው በከረንቱ ስኩዌር ነው፣ ማለትም ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ። ሽቦው አንድ ዓይነት ቢሆን በ15 ኪሎ ቮልት የሚባክነው ከ230ው ጋር ሲነጻጸር ከ200 እጥፍ በላይ ይሆናል። ገዳሪፍ የሚደርስ ነገር አይተርፍም። የምሰሶዎቹ ቁመት ከዚሁ የመጣ ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር ሽቦው ከመሬትም፣ ከዛፍም፣ ከብረቱም መራቅ አለበት።

[ምስል፦ ፒያሳ፣ የባንክ መስኮት]

አሁን ወደ ግዢው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የገዢው ኤሌክትሪክ ከአንድ ግድብ ተለይቶ ተነስቶ፣ በአንድ ሽቦ ተጉዞ የሚደርስ ይመስለዋል።

ሐዋላን አስቡ። ፒያሳ ባንክ ገብታችሁ 1,000 ብር ትልካላችሁ። ወንድማችሁ መተማ ላይ 1,000 ብር ያወጣል። እናንተ የሰጣችኋቸው ኖቶች ግን በመኪና አልሄዱም። እዚህ ገባ፣ እዚያ ወጣ፣ መዝገቡ ተወራረደ። የኤሌክትሪክ ግዢም እንዲሁ ነው። ሻጩ የተዋዋለውን ያህል ወደ መረቡ፣ እርስ በርስ ወደተያያዙት መስመሮች፣ ያስገባል፣ ገዢው በዚያው ቅጽበት ያንኑ ያህል ያወጣል። የበለስ ውኃ ያመነጨው ይሁን የተከዜ፣ ሽቦው ላይ ተደባልቋል፣ የሚለየው የለም።

ከሐዋላ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፣ እሱም ከባድ ነው። ባንክ ብሩን አሳድሮ ነገ መስጠት ይችላል። ሽቦ ግን አያሳድርም። የገባውና የወጣው በእያንዳንዷ ሰከንድ እኩል መሆን አለባቸው። ቀጥሎ የምነግራችሁ ውስብስብ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የራሱን ፍላጎት በሰዓት በሰዓት ያሰላል። ገዳሪፍ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ማቀዝቀዣው ሁሉ ይከፈታል። ጎንደር ላይ ደግሞ ጭንቁ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው፣ መብራቱም ምጣዱም ምድጃውም አብረው የሚበሩበት። እነዚህ ሰዓቶች አለመገጣጠማቸው ለሁለቱም ወገን ጥሩ ዕድል ነው። አንዱ ሲተርፈው ሌላው ይፈልጋል።

ከዚያ ውል ይመጣል። በእኛ በኩል የሚዋዋለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ቤታችን ቆጣሪ የሚያስገባው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱ የተለያዩት በ2006 ዓ.ም. ነው። እኛ ሁለቱንም አሁንም «መብራት ኃይል» እንላቸዋለን። ለቅሬታ ስንሄድ ግን ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ውሉ ላይ ዋጋ ይጻፋል፣ መጠን ይጻፋል፣ ዘመን ይጻፋል። የኬንያውን እንይ። ኬንያ ከኢትዮጵያ መግዛት የጀመረችው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ውሉ የ25 ዓመት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። 200 ሜጋዋት ቀኑን ሙሉ ከተወሰደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፣ በገንዘብ 312,000 ዶላር። በቀን ማለት ነው።

እንዲህ ባሉ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ውሰድ ወይም ክፈል» የሚባል አንቀጽ ይገባል። ገዢው የተስማማበትን መጠን ባይወስድም ይከፍላል። መጀመሪያ ስሰማው ግፍ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ድግስ ለ100 ሰው እንዲሠራለት ያዘዘ ሰው 60 እንግዳ ብቻ ቢመጣለትም ወጡ ተሠርቷል፣ በጉም ታርዷል። ሻጩም ተርባይኑን ለዚያ ገዢ ብሎ አዘጋጅቷል።

[ምስል፦ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ ግድግዳ የሚሞላ የመስመሮች ካርታ]

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የየዕለቱ ሥራ ይጀምራል። የሁለቱ አገር መቆጣጠሪያ ማዕከላት ለማግስቱ 24 ሰዓታት መርሐ ግብር ይለዋወጣሉ። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት 80 ሜጋዋት፣ ከዚያ 100፣ ሌሊት 50 እያሉ። ከመስማማታቸው በፊት መስመሩ መቻሉን ያያሉ። ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው ሽቦ ራሱ ጎንደርንም ይመግባል። ስለዚህ መተማ ላይ የሚሻገረው ሲሰላ የጎንደር ፍጆታ አብሮ ይሰላል።

አንዲት ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ትገርመኛለች። ሱዳን ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚያ ላይ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋቱ 12 ነው። አንዱ «1 ሰዓት ላይ 100 ሜጋዋት» ቢል የትኛው 1 ሰዓት? መርሐ ግብሩ የሚጻፍበት ሰዓት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ወረቀት ላይ በገባች አንዲት ስህተት ጣቢያ ሊጠፋ ይችላል።

[ምስል፦ ጥምቀት፣ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ሽብሸባ]

ከሱዳን ጋር ባለው መስመር የሚሄደው ተለዋዋጭ ከረንት ነው፣ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚገለብጥ። ሁለቱ መረቦች በእሱ ከተያያዙ ጄኔሬተሮቻቸው ሁሉ በአንድ ምት መዞር አለባቸው። ምቱ በሰከንድ 50 ነው፣ 50 ኸርዝ የሚባለው። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ሲሸበሸብ አይታችኋል። ካህናቱ በአንድ ከበሮ ይወዛወዛሉ። አንዱ ከበሮ ቢሳሳት ረድፉ ሁሉ ይደናገራል። መረቡም እንዲሁ ነው። ሱዳን ውስጥ ሮዛሪስ ግድብ ላይ አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ቢቆም በዚያው ቅጽበት የበለስ ተርባይን ይሰማዋል፣ ሸክሙ ይከብደዋል፣ ምቱም ከ50 ዝቅ ይላል። ምቱ በጣም ከወረደ ወይም መስመሩ ላይ ብልሽት ከታየ መከላከያ መሣሪያዎች መስመሩን ይቆርጡታል። መቁረጡ ክፋት አይደለም። የአንዱ ቤት እሳት ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው።

የኬንያው መስመር ከዚህ ይለያል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። በላዩ የሚሄደው ቀጥተኛ ከረንት ነው፣ አቅጣጫውን የማይገለብጥ፣ 500 ኪሎ ቮልት። በሁለቱም ጫፍ ኮንቨርተር ጣቢያ አለ። ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ ይቀይራል፣ እዚያ ጫፍ ላይ መልሶ ይቀይረዋል። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች አንድ ከበሮ መከተል የለባቸውም። የሚሻገረው መጠንም ቁጥር አስገብቶ እንደማዘዝ ነው፣ 200 ካሉት 200 ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል። ገዢውና ሻጩ ድንበር ባይዋሰኑስ?

ታንዛኒያን ውሰዱ። ትልቁ ግድቧ ጁሊየስ ኔሬሬ 2,115 ሜጋዋት ያመነጫል። ግን ያለው በደቡብ ምሥራቅ፣ ሩፊጂ ወንዝ ላይ ነው። ሰሜኑ ክፍሏ፣ ኪሊማንጃሮ አካባቢ፣ ከግድቡ ሩቅ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሰሜኑ ከኢትዮጵያ በኬንያ በኩል መብራት እንዲገዛ ዕቅድ መኖሩን ሲናገሩ ብዙ ሰው ተገረመ። የሞላለት አገር ለምን ይገዛል? ምክንያቱ ሩቅ መንገድ ላይ የሚባክነው ነው። አንዳንዴ ከራስ ጓሮ ከማምጣት ከጎረቤት አጥር መቀበል ይቀርባል።

እንዲህ ሲሆን ኬንያ መንገድ ሰጪ ትሆናለች። ይህ ዊሊንግ ይባላል። ኬንያ ኃይሉን አትገዛውም፣ አትሸጠውም፣ ታሳልፈዋለች። ለማሳለፊያ ክፍያ ትቀበላለች። ክፍያው ለመስመሩ አገልግሎት ነው፣ በመንገድ የሚባክነውም የማን ዕዳ እንደሆነ በውሉ ይወሰናል። እንበል ኢትዮጵያ 100 አስገባች፣ የኬንያ መረብ ላይ 4 ባከነ። ታንዛኒያ 96 ብቻ ትወስዳለች? ወይስ ኢትዮጵያ 104 ያህል ታስገባለች? ወይስ ኬንያ ከራሷ ሞልታ በገንዘብ ትቀበላለች? ሦስቱም ያስኬዳሉ። ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ከወር ወር ጭቅጭቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ንግድ የጋራ ደንብ እንዲኖር በ1997 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ተመሥርቷል፣ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው።

[ምስል፦ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ሁለት ቆጣሪዎች ጎን ለጎን]

ልኬቱስ? መገናኛው ላይ ዋና ቆጣሪ አለ፣ አጠገቡም ማመሳከሪያ ቆጣሪ ይቀመጣል። የሁለቱ ንባብ ይነጻጸራል። ከመርሐ ግብሩ ጋር ልክ መግጠም ግን የማይታሰብ ነው፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይበዛል ወይም ያንሳል። ልዩነቱ አንዳንድ ቦታ በገንዘብ ይከፈላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በኃይል ይመለሳል፣ ጎረቤት የተበደረችውን ዱቄት በዚያው ጣሳ ለክታ እንደምትመልሰው። በኃይል ሲመለስ ሰዓቱ ይታያል። የምሽት ጭንቅ ሰዓት ላይ የወሰደ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢመልስ አልመለሰም። ለፋሲካ ዋዜማ የተበደርሽኝን እንቁላል ዐቢይ ጾም ሲገባ ብታመጪልኝ ምን ላደርገው?

የኬንያው መስመር በሁለቱም አቅጣጫ መሥራቱን እዚህ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ዛሬ ሻጭ ነን። ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፣ ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በአንድ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለን። ክረምቱ ከከዳ ግን ሁሉም ግድብ አብሮ ይደርቃል። ኬንያ ከመሬት እንፋሎት ታመነጫለች፣ ቱርካና ላይም 310 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል አላት። ድርቅ እነሱን አይነካም። በዚያው በሶዶ መስመር ወደኛ መግዛት ይቻላል፣ የተሠራውም ለመሄድም ለመምጣትም ነው። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ውርደት አድርጎ የሚያየው እንዳይኖር አጥብቄ እመኛለሁ።

[ምስል፦ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን]

ወደ ሐሙስ ማታ ልመልሳችሁ። ጎረቤታችን ትክክል ናት፣ ሻማው ያስቆጣል። ግን በላያችን ካለፈው 230 ኪሎ ቮልት ቀጥታ ቀድቶ ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ መውረድ አለበት፣ ከዚያ በሰፈር ምሰሶ ይመጣል፣ ከዚያ ትራንስፎርመር እንደገና ያወርደዋል። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ሲተከል ምናልባት ለ50 ቤት ነበር። አሁን ስንት ቤት እንደተቀጠለበት ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም ሐሙስ ማታ ይጋግራል። በእኔ እምነት ከውጭ ከሚመጣው ዶላር ላይ ለእነዚህ አሮጌ ምሰሶዎችና ለተጨናነቁ ትራንስፎርመሮች የሚመደብ ገንዘብ እንዲኖር መጠየቅ አለብን። ጎረቤታችን ቆጥታ መጮህ ያለባትም ለዚህ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡ። አንደኛው ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ወጣ። የተቃጠለ ፊውዝ አውጥቶ ለጓደኛው ወረወረለትና አዲሱን አስገባ። ያን ጊዜ ሁሉ ወደ መተማ የሚሄደው መስመር በቦታው ነበር፣ ከእኛ ጨለማ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

መብራቱ መጣ። እናቴ ያልበሰለውን እንጀራ ጠራርጋ አነሳች፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን አማሰለችና ሰባተኛውን አሰፋች።